ገንዘቡ ከዋሽንግተን፣ ስርጭቱ ከፕራግ

አንድ መንግሥት የራሱ ዜጎች ለማይሰሙት ዜና፣ በራሱ ቋንቋ ላልሆነ ስርጭት፣ በየዓመቱ በጀት ይመድባል። ዜናውን የሚሠሩት ጋዜጠኞች በብዛት ከአድማጩ ሕዝብ የወጡ ናቸው፤ የሚኖሩት ግን በሦስተኛ ሀገር ነው። እንዲህ ያለው ጣቢያ የዜና ተቋም ነው ወይስ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ መሣሪያ? ጥያቄው ከቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ኖሯል። በዚህ ዳሰሳ የምንከተለው «ናስቶያሼዬ ቭሬምያ» የተባለውን የሩሲያኛ የዜና ቴሌቪዥን ነው፤ «የአሁኑ ጊዜ» እንደማለት ነው። ገንዘቡን የሚያጸድቀው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው፤ ስርጭቱ የሚወጣው ከቼክ ዋና ከተማ ከፕራግ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ «ማን ነው የሚከፍለው?» በሚለው ላይ ያበቃል። እኔ ግን ከፋዩን ማወቅ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም እላለሁ። ከዚያ ቀጥሎ መታየት ያለበት በከፋዩና በአዘጋጁ መካከል የቆመው አጥር ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ለረጅም ጊዜ ማንም በቅጡ ያላሰበበት፣ አጥሩ ሳይነካ ገንዘቡ ቢቋረጥስ የሚለው ነው። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በ2025 በተግባር መጣ።

የጣቢያው ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። «የነፃ አውሮፓ ሬዲዮ» ጁላይ 4 ቀን 1950 ወደ ቼኮስሎቫኪያ ማሰራጨት ጀመረ። ለሶቪየት ኅብረት የተመደበው እህት ጣቢያ፣ ኋላ «ራዲዮ ሊበርቲ» የተባለው፣ የመጀመሪያ ስርጭቱን ከምዕራብ ጀርመን ያሰማው ማርች 1 ቀን 1953 ነበር፤ ከአራት ቀን በኋላ ስታሊን ሞተ። የሁለቱም ጣቢያዎች ወጪ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ በሲአይኤ በምስጢር ይሸፈን ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ ኮንግረሱ በግልጽ ገንዘብ መመደብ ጀመረ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በ1976 ተዋሐዱ። የድርጅቱ ተቃዋሚዎች ዛሬም ድረስ ይህን የሲአይኤ ዘመን ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ከገንዘቡ ምስጢርነት ይልቅ ከባድ ትምህርት ያለው በ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ ላይ ነው። የቡዳፔስት ወጣቶች በሶቪየት ታንኮች ፊት ሲቆሙ፣ የነፃ አውሮፓ ሬዲዮ ዋና መሥሪያ ቤት ከነበረበት ከሙኒክ የሚሰሙት የሃንጋሪኛ ስርጭት አንዳንድ ዝግጅቶች የምዕራቡ ዓለም እርዳታ ይመጣል የሚል ተስፋ ሰጥተዋል። እርዳታው አልመጣም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ምርመራ ተካሄደ፣ የአዘጋጆች አሠራርም ተለወጠ። ከሩቅ ሀገር፣ በሰላም ተቀምጦ፣ በሰው ቋንቋ ለሰው የሚናገር ጋዜጠኛ ቃሉ ደም ሊያስከፍል እንደሚችል ድርጅቱ የተማረው በዚያን ጊዜ ነው። ዛሬ የሩሲያኛው ቻናል ስለ ሰልፍና ስለ ጦርነት ሲዘግብ የሚያሳየው ጥንቃቄ ከዚያ ትምህርት የራቀ አይመስለኝም።

ሶቪየቶች ስርጭቱን ለማፈን ግዙፍ የማወኪያ ጣቢያዎችን ተከሉ። አፈናው በከተሞች ስለሚበረታ ብዙ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በሌሊት፣ በአጭር ሞገድ ይሰማ ነበር። የራዲዮ ሊበርቲ አፈና የቆመው በጎርባቾቭ ዘመን፣ በ1988 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ነገሩ በሞገድ ብቻ አልተወሰነም፦ በፌብሩዋሪ 1981 የሙኒኩ ዋና መሥሪያ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ጥቃቱን ያደረሱት የታወቀው ሽብርተኛ የካርሎስ «ዘ ጃካል» ሰዎች ሲሆኑ ከጀርባ የነበረው የሮማኒያው የቻውሼስኩ መንግሥት ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ድርጅቱ ይዘጋ የሚሉ ብዙ ነበሩ። የቼኩ ፕሬዚዳንት ቫስላቭ ሃቬል የቀድሞውን የፌዴራል ፓርላማ ሕንፃ በስም ብቻ በሆነ ኪራይ ሰጥተው ወደ ፕራግ ጋበዙት፤ በ1995 ተዛወረ። ከ2009 ጀምሮ ሀጊቦር በሚባል የከተማው ሰፈር በራሱ አዲስ መሥሪያ ቤት ይገኛል።

አፈናን የአማርኛ አድማጭም ያውቃል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት ከ1982፣ የጀርመን ድምፅ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ በየቤቱ ተሰምተዋል። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የማፈን ርምጃ መኖሩን በይፋ አምነው፣ ጣቢያውን የዘር ጭፍጨፋ ቀስቃሽ ከነበረው ከሩዋንዳው «ሚል ኮሊን» ሬዲዮ ጋር አመሳስለውት ነበር። ስለዚህ በውጭ መንግሥት ገንዘብ በገዛ ቋንቋ የሚመጣ ዜናን መስማት፣ መጠርጠር፣ ደግሞም መልሶ መስማት ምን እንደሚመስል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ሩሲያኛው ቴሌቪዥን እንመለስ። በ2001 የመንግሥት የጋዝ ኩባንያ የሆነው ጋዝፕሮም «ኤንቴቬ» የተባለውን የግል ቴሌቪዥን ከያዘ ወዲህ በሩሲያ ሀገር አቀፍ ነፃ ቴሌቪዥን ቀስ በቀስ ጠፍቶ ነበር። በ2014 መጀመሪያ «ዶዥድ» የተባለው የግል ቻናል ስለ ሌኒንግራድ ከበባ ባወጣው የአስተያየት መጠይቅ ሰበብ ከኬብል አቅራቢዎች ተወገደ። በማርች ሩሲያ ክሪሚያን ጠቀለለች፤ በጁላይ 17 ደግሞ የማሌዥያ አየር መንገድ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ። በዚያ ሰሞን በሪጋ፣ በናርቫ፣ በኪሺናው ወይም በአልማቲ ሩሲያኛ የሚናገር ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የሚያገኘው በብዛት የሞስኮን ስርጭት ነበር። «ናስቶያሼዬ ቭሬምያ» በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ የግማሽ ሰዓት የየዕለት ዜና ሆኖ ተጀመረ፤ አዘጋጆቹ የፕራጉ ድርጅትና በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ድምፅ በጋራ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2017 ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ሙሉ ቻናል ሆነ።

ቻናሉን «ለሩሲያ ሕዝብ የሚነገር የአሜሪካ ድምፅ» ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ተመልካቹ ሩሲያዊ ብቻ አይደለም። ሩሲያኛ ከባልቲክ ዳርቻ እስከ ፓሚር ተራሮች የሚዘልቅ መገናኛ ቋንቋ ነው፤ ለኪርጊዙ የቀን ሠራተኛ፣ ለሞልዶቫው ጡረተኛ፣ ለካርኪቩ ተማሪ፣ በእስራኤልና በጀርመን ለሚኖረው ስደተኛም ጭምር። የቻናሉ ጋዜጠኞችም ከዚሁ ሁሉ የመጡ ናቸው። የምሽቱን ዜና ከሚያቀርቡት አንዷ ዩክሬናዊቷ ኢሪና ሮማሊይስካያ ናት፤ ቀድሞ የ«ዶዥድ» ባልደረባ የነበረው ሩሲያዊው ቲሙር ኦሌቭስኪም እዚያ ሠርቷል። «እስያ» የተባለው ዝግጅት የመካከለኛው እስያ ሀገሮችን ዜና ለብቻው ይይዛል፤ ሞስኮ ውስጥ በግንባታና በጽዳት ሥራ የሚደክመውን የታጂክና የኪርጊዝ ፍልሰተኛ ጉዳይ የሞስኮ ቴሌቪዥን በማይሰጠው ክብር ያቀርባል። በቋንቋው ላይ የሞስኮ ብቸኛ ባለቤትነት የሚፈርሰው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይመስለኛል።

ከዝግጅቶቹ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን ዜናው አይደለም፤ ዘጋቢ ፊልሞቹ ናቸው። ቻናሉ በሩሲያ ሲኒማ ቤትም በሀገር ውስጥ ቴሌቪዥንም ቦታ ላጡ የዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች መድረክ ሆኗል። «ያልታወቀችው ሩሲያ» በሚለው ተከታታይ ዝግጅት ካሜራው ከሞስኮ በጣም ርቆ ይሄዳል፤ ሰው ወደጠፋባቸው መንደሮች፣ ሕይወት ከዋና ከተማው ጋር ወደማይገናኝባቸው ወረዳዎች። ተራኪ ብዙ አይናገርም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አሮጊቶች፣ የመንደር ባለሙያዎች፣ ብቻቸውን የቀሩ ወንዶች። ስለ አሜሪካ አንድም ቃል የለም። ፕሮፓጋንዳ እንዲህ አይሠራም፤ ፕሮፓጋንዳ ሰውን ለማሳየት ትዕግሥት የለውም። ስለ ፕሮፓጋንዳ ራሱ የሚያወራ ሳምንታዊ ዝግጅትም አላቸው፤ የሩሲያ መንግሥት ጣቢያዎች የተናገሩትን ከምስሉና ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ የሚፈትሽ ነው። ይህኛው ጠቃሚ ቢሆንም፣ የተመልካችን ልብ የሚቀይረው እርማቱ ሳይሆን መንደሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኦገስት 2020 የቤላሩስ ሕዝብ በምርጫው ውጤት ላይ ተቃውሞ ሲወጣና መንግሥት ኢንተርኔቱን ለቀናት ሲያቋርጥ፣ የቻናሉ የቀጥታ ስርጭት ለብዙዎች ዋና ምንጭ ሆነ። ዋጋውን የከፈሉት በስቱዲዮ ያሉት አልነበሩም። የፕራጉ ድርጅት የቤላሩስ አገልግሎት ባልደረባ ኢሃር ሎሲክ ከምርጫው በፊት ታስሮ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈታው በ2025 ነው። የክሪሚያው ዘጋቢ ቭላዲስላቭ ዬሲፔንኮ ከ2021 እስከ 2025 በእስር ቆየ። የታታርኛው ክፍል አዘጋጅ አልሱ ኩርማሼቫ እናቷን ለመጠየቅ ወደ ካዛን ሄዳ ታሰረች፣ ስድስት ዓመት ተኩል ተፈረደባት፣ ከዚያም በኦገስት 2024 በታላቁ የእስረኞች ልውውጥ ተለቀቀች። የድርጅቱ የዩክሬን አገልግሎት ባልደረባ ቪራ ሂሪች ኪየቭ ውስጥ በመኖሪያ ቤቷ ሳለች በሩሲያ ሚሳይል ተገደለች፤ ኤፕሪል 28 ቀን 2022። «በውጭ ገንዘብ የሚሠሩ» ሲባል ገንዘቡ ብቻ ይታያል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አብረው መታየት አለባቸው።

የሩሲያ መንግሥት ቻናሉን በአንድ ቀን አልዘጋውም፤ ቀስ በቀስ አጠበበው። በ2017 መጨረሻ የሩሲያ መንግሥት ቴሌቪዥን «አርቲ» በአሜሪካ እንደ ውጭ ወኪል እንዲመዘገብ ሲገደድ፣ ሞስኮ በአጸፋው በዲሴምበር 5 የአሜሪካ ድምፅን፣ ራዲዮ ሊበርቲንና «ናስቶያሼዬ ቭሬምያ»ን የውጭ ወኪል ብላ ፈረጀች። ከ2020 ጀምሮ እያንዳንዱ ዘገባ የውጭ ወኪል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ፣ ከጽሑፉ ፊደል በእጥፍ በሚበልጥ ፊደል እንዲለጠፍበት ታዘዘ። ድርጅቱ እምቢ አለ፤ ቅጣቱ ተከመረ፤ በ2021 የሞስኮ ቢሮው የባንክ ሂሳብ ታገደ። የዩክሬኑ ወረራ በተጀመረ በቀናት ውስጥ የቻናሉ ድረ ገጽ ተዘጋ። በማርች 4 ቀን 2022 ስለ ጦር ሠራዊቱ «ሐሰተኛ» የተባለ ዜና እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ድርጅቱ በሩሲያ ውስጥ ሥራውን አቆመ። በፌብሩዋሪ 2024 ድርጅቱ «የማይፈለግ» ተብሎ ተፈረጀ፤ ከዚያ ወዲህ ለእርሱ መሥራት ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ማጋራትም ለቅጣት ይዳርጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ተመልካቹ መንገድ አላጣም። ሳተላይት ነበር፣ ቪፒኤን አለ፣ ከሁሉም በላይ ዩቲዩብ ነበር። በ2024 ክረምት ግን ዩቲዩብ ራሱ በሩሲያ ውስጥ መንቀራፈፍ ጀመረ። ሞገድ የማወክ አሮጌው ጥበብ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ ሳይዘጉ እንዳይታይ ማድረግ።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር እንምጣ። «አርቲ»ም በመንግሥት ገንዘብ ይሠራል፣ «ናስቶያሼዬ ቭሬምያ»ም። ሁለቱ በምን ይለያያሉ? የ«አርቲ» ዋና አዘጋጅ ማርጋሪታ ሲሞንያን ጣቢያው ለሀገሩ እንደ መከላከያ ሚኒስቴር የሚያስፈልግ መሆኑን ከአንድ ጊዜ በላይ በይፋ ተናግራለች፤ ይህ ግልጽ አቋም ነው። በአሜሪካ በኩል ከ1994 ጀምሮ የባለሥልጣን እጅ ወደ ዜና ክፍል እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አለ፤ የፕራጉ ድርጅትም በሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን በመንግሥት ድጎማ የሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ይህ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ፈተና አለ፦ በ2025 ድርጅቱ የገዛ ከፋዩን በፍርድ ቤት ከሰሰ፣ የክሱንም ሂደት በራሱ ገጾች ዘገበ። ይህን ሊያደርግ የሚችል የሞስኮ ጣቢያ የለም።

አጥሩ ግን አልተነካም ማለት አይደለም። በ2020 ጣቢያዎቹን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ኤጀንሲ ኃላፊ ሆነው የመጡት ማይክል ፓክ ወዲያው የጣቢያዎቹን ኃላፊዎች አባረሩ፤ በኦክቶበር ደግሞ አጥሩን የሚያጸናውን ደንብ ሻሩት። ፍርድ ቤት ጣልቃ ገባ፤ እርሳቸውም በጃንዋሪ 2021 አስተዳደሩ ሲቀየር ለቀቁ። አጥሩ ቆመ፣ ግን ተነቀነቀ።

ሌላም በቅንነት መነሣት ያለበት ነገር አለ። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ጣቢያ ፖለቲካን ለማገልገል መዋሸት አያስፈልገውም፤ የትኛው ሕዝብ በየትኛው ቋንቋ ይነገረው የሚለው ውሳኔ ራሱ ፖለቲካ ነው። ድርጅቱ የሃንጋሪኛ አገልግሎቱን በ1993 ዘግቶ በ2020 መልሶ ከፈተው፤ ውሳኔው የዋሽንግተንን ስሜት የተከተለ ነው። በአሜሪካ ወዳጅነት ሥር ያሉ፣ ፕሬሳቸው የታፈነ ሀገሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ጣቢያ አላገኙም። ዜናው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማን እውነት እንደሚያገኝ የሚወሰነው ግን በሌላ ሚዛን ነው። የቻናሉ ወዳጆች ይህን ትችት መሸሽ የለባቸውም።

ሌሎች መንግሥታት የሞከሯቸው መንገዶችም አሉ። ኢስቶኒያ በሴፕቴምበር 2015 «ኢቴቬ ፕላስ»ን የከፈተችው ለራሷ ሩሲያኛ ተናጋሪ ዜጎች ነው፤ ሕዝቧ አራት ቢሆን አንዱ ያህል ሩሲያኛ ተናጋሪ ነውና። ይህ ከሁሉም ጤናማው ይመስለኛል፤ ከፋዩና ተመልካቹ አንድ ሀገር ናቸው። ዩክሬን ከ2022 ጀምሮ «ፍሪዶም» የተባለ የሩሲያኛ ቻናል በመንግሥት ገንዘብ ታሰራጫለች፤ በጦርነት ላይ ያለ ሀገር ድምፅ ስለሆነ በዚያው ሚዛን መታየት አለበት። የጀርመን ድምፅ የሞስኮ ቢሮ በፌብሩዋሪ 2022 የተዘጋው ጀርመን «አርቲ»ን በጀርመንኛ እንዳያሰራጭ በከለከለች ማግስት ነው፤ በጋዜጠኞች ላይ የተወሰደ የአጸፋ ርምጃ። «ዶዥድ» ደግሞ ያለ መንግሥት ገንዘብ ወደ ላትቪያ ተሰዶ፣ በዲሴምበር 2022 ፈቃዱ ተነጥቆ፣ ወደ ኔዘርላንድስ አለፈ። የመንግሥት ገንዘብ አለመቀበል ከመንግሥት እጅ አያድንም።

ማርች 14 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመገናኛ ብዙኃን ኤጀንሲውን እስከ ሕጉ ዝቅተኛ ወሰን የሚያሳንስ ትእዛዝ ፈረሙ። በማግስቱ የድርጅቱ ድጎማ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ በኤጀንሲው ባለሥልጣን በኬሪ ሌክ ፊርማ ወጣ። ከ1,300 በላይ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ታገዱ፤ ከዋሽንግተን የሚመጣው የቻናሉ ክፍል በዚያው ዝም አለ። የአማርኛው፣ የኦሮምኛውና የትግርኛው ዝግጅትም አብሮ ጠፋ። ሲሞንያን በሩሲያ ቴሌቪዥን ደስታዋን አልደበቀችም። አንድ ወር ቀደም ብሎ የሩሲያው ስፑትኒክ አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍቶ በአማርኛ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ አንዱ ድምፅ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ላየ ሰው ዝምታም ውሳኔ ነው።

የፕራጉ ድርጅት ከሰሰ፤ ዳኛ ሮይስ ላምበርት ገንዘቡ እንዳይቋረጥ አዘዙ። የገንዘቡ መዘግየት ግን ሠራተኞችን ያለ ደመወዝ ቤታቸው እንዲቀመጡ አስገደደ፤ ወደ ሩሲያ የሚደርሰው የሳተላይት ስርጭትም በዚያ ጸደይ ተቋረጠ። የአውሮፓ ኅብረት በሜይ 5.5 ሚሊዮን ዩሮ አስቸኳይ ድጋፍ እንደሚሰጥ የኅብረቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ካያ ካላስ አስታወቁ። የድርጅቱ ዓመታዊ በጀት ወደ 142 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ልዩነቱ ለራሱ ይናገራል።

በ1994 የወጣው ሕግ አዘጋጁን ከባለሥልጣን ትእዛዝ ለመጠበቅ ነበር፤ ጣቢያውን ከባለሥልጣን ቂም ለመጠበቅ የተጻፈ አንቀጽ ግን አልነበረም። ማይክል ፓክ አጥሩን ሊያፈርሱ ሞከሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጡት አጥሩን መንካት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ለእኔ መፍትሔው ገንዘቡን ከአንድ ዋና ከተማ ፈቃድ ማላቀቅ ነው፦ ለበርካታ ዓመታት አስቀድሞ የሚመደብ፣ ብዙ ሀገሮች የሚያዋጡት፣ በአንድ ፊርማ የማይሻር። የቼክ መንግሥት አውሮፓውያንን በዚህ ዙሪያ ለማሰባሰብ ሞክሯል፤ ስዊድንም የተወሰነ ድጋፍ ቃል ገብታለች። ይህ መዘግየት የለበትም። በፕራግ የሚሠሩት የሩሲያና የቤላሩስ ጋዜጠኞች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራው ቢዘጋ የሚመለሱበት ሀገር የታገደ ድርጅት አባል ብሎ የሚያስራቸው ነው።